ተውሳከ ግሥ የበዛበት ሰርግ

ሰው ሁሉ የራሱን ሱስ አያጣም። ሐረር ደግሞ ለሱስ የምትመች ከተማ ናት። ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ ያልተቀመጠ ሰው ካያችሁ ወይ ታሟል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር ታርቋል። እኔ ግን ጫት አልተስማማኝም፤ ሲጋራ ያስለኛል፤ ካርታ ስጫወት ፊቴ ላይ ይነበባል ይሉኛል። የኔ ሱስ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ ነበር። አትሳቁ፣ እንደ ማንኛውም ሱስ ቤት ሊያፈርስ ምንም አልቀረው፤ ያውም ገና ያልተሠራ ቤት።

ወደ ሐረር የተመደብኩት እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። ተውሳከ ግሥ ማለት ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ የሚነግረን ቃል ነው። ታውቁታላችሁ፣ ነገር ግን አስተማሪ ሳይጠየቅ ካላስረዳ ያመዋል። ከነዚህ ቃላት መካከል ልቤን የወሰዱት፣ አንድ ሰው የሌላውን ሐሳብ እንዴት እንዳስለወጠና ነገሩን እንዴት ወደሚፈልገው እንደመለሰው የሚናገሩት ናቸው። ፐርሱዌሲቭሊ፦ የሰሚውን ልብ በሚያለሰልስ አኳኋን። ኮንቪንሲንግሊ፦ ሰሚው አምኖ ቁጭ እስኪል ድረስ። ዲሳይሲቭሊ፦ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ፣ ወዲያ ወዲህ በማያሰኝ አኳኋን። ኦቨርዌልሚንግሊ፦ ጎርፍ እንደሚወስደው ዓይነት። እነዚህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልልቁ ስጽፍ ደረቴ ይነፋል። ተማሪዎቼ ግን ከቃላቱ ጋር ጠብም ፍቅርም አልነበራቸውም። በመስኮት የሚያልፈውን አህያ ነበር የሚያዩት።

ለምን እንደወደድኳቸው ኋላ ገብቶኛል። እኔ የሰው ሐሳብ ማስለወጥ ይቅርና፣ ሸዋ በር ገበያ ወርጄ የቲማቲም ዋጋ ማስቀነስ የማልችል ሰው ነበርኩ። ባለቲማቲሟ «ውሰድ» ስትለኝ እወስዳለሁ፤ የበሰበሰውን ስትጨምርብኝ አመሰግናለሁ። የራበው ሰው ስለ ምግብ እንደሚያወራ፣ እኔም ስለማሳመን አስተምር ነበር ማለት ነው።

ዘመኑ ደግሞ የስብሰባ ዘመን ነበር። የቀበሌያችን አዳራሽ ከጀጎል ግንብ፣ ፈላና ከሚባለው በር ወጣ ብሎ ነው፤ እሑድ በመጣ ቁጥር እዚያ እንሰበሰባለን። ሁለት ሰዓት ተብሎ ሦስት ተኩል ይጀመራል፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን የሚያውቅ የለም። አንዴ ከገባችሁ እስኪዘጋ መውጣት የለም፤ በሩ ላይ አብዮት ጥበቃው አሮጌ ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው ይባላል። ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ደግ፣ ነገር ግን የጀመረውን ዓረፍተ ነገር የሚጨርስበት መንገድ ጠፍቶት የሚንከራተት ሰው ነው። በርሱ ዓረፍተ ነገር መሐል ሰው ያንቀላፋል፣ ይነቃል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

አንድ እሑድ አጀንዳው የፍሳሽ ቦይ ጠረጋ ነበር። የተነሣው ሁሉ «ከኔ በፊት የተናገሩት ጓድ ያሉትን እያጠናከርኩ» ብሎ ይጀምርና የሚያጠናክረውን ሳይነግረን ይቀመጣል። እኔ እንቅልፌን ጀምሬ ነበር። «ጓድ መምህር ምን ይላሉ?» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስለምን እንደሚወራ አላውቅም። ከአፌ የወጣው ሱሴ ነው።

«ይህ ጉዳይ» አልኩ፣ «ዲሳይሲቭሊ ካልታየ፣ ኮንቪንሲንግሊ ሊፈታ አይችልም።»

ጓድ በላቸው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ጭብጨባው ወረደ። ያልገባውን ነገር ማን ይቃወማል? የገባው ሰውማ ቢኖር አንድ ጥያቄ አያጣም ነበር። ጭብጨባው ሲያባራ በሙሉ ድምፅ የቀበሌው የውይይት ክበብ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ሳይመረጥ አይወጣም። ቦዩን የጠረገው ግን የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ አከራዬ አዴ ፋጡማ አብረውኝ ነበሩ። ጀጎል ውስጥ ካለው ግቢያቸው አንዷን ክፍል አከራይተውኝ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሴት ናቸው። ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ስፌታቸውን ይሰፋሉ፤ በኛ ስብሰባዎች ስንት ሞሰብ እንዳለቀ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

«አስተማሪ፣ ያ ያልከው ነገር ምንድን ነው? ዱዓ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም አዴ። እንግሊዝኛ ነው።»

«ወላሂ፣ ዱዓ መስሎኝ አሚን ብያለሁ» አሉ። ጥቂት ሄድን። «ሰውም ሁሉ አሚን ያለ ነው የመሰለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጓድ በላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቤቴ መምጣት ጀመረ። በስብሰባ ላይ «እርስዎ» ይለኛል፤ ቤቴ ሲመጣ «አንተ» ነኝ። «ለነገ አንድ ስጠኝ» ይላል፣ ስኳር እንደሚበደር ጎረቤት። ስኳርን ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ጊዜ የቀበሌው ሱቅ ስኳር አለቀበትና ሕዝቡ ተቆጣ። ሌላ ጊዜ «ስኳር የለም» ሲባል ጩኸቱ እስከ ሸዋ በር ይሰማ ነበር። በዚያ ቀን ጓድ በላቸው ብድግ አለና «ስኳሩ ኦቨርዌልሚንግሊ አልቋል» አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ «እንዲያ ከሆነማ ምን ይደረጋል» ብለው ባዶ ላስቲካቸውን አጥፈው ሄዱ፤ ሌላውም ተከተላቸው። እኔ ያን ዕለት ኩራቴን መያዣ አጣሁ። በዕድሜዬ አንድ ሰው አሳምኜ የማላውቅ፣ በሰው አፍ ቀበሌ ሙሉ ሕዝብ ያለ ስኳር ወደ ቤቱ ሰደድኩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ዋናው ጉዳይ ጽጌ ናት። ጽጌ የሐረር ልጅ ናት። ቅድመ አያቷ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሷ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ትወጋለች፤ የተዋወቅነውም ስትወጋኝ ነው፣ ዝርዝሩን ልተወው። እንደምትፈልገኝ ነግራኛለች። አባቷ አቶ ዘለቀ ግን፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፤ ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ አመላልሰው በመጨረሻ ፈቀዱ። ሲፈቅዱ ታዲያ ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው፦ ሰርጉ ሁዳዴ ሳይገባ ይሁን፤ በጠባብ መንገድ ላይ ድንኳን ተጥሎ ሳይሆን በአዳራሽ ይሁን። «ይህ ካልሆነ» አሉ፣ «ድሬዳዋ ባቡር ላይ የሚሠራ አንድ ጨዋ ልጅ ጠይቆናል፤ ለሱ ቃል እሰጣለሁ።»

ጾም ከገባ ሰርግ የለም። ከጾሙ በፊት የቀረችው ደግሞ አንዲት እሑድ ናት። አዳራሽ የሚባለውም የቀበሌያችን አዳራሽ ነው። ስለዚህ ያችን እሑድና ያንን አዳራሽ ካላገኘሁ ጽጌ ባቡር ትሳፈራለች ማለት ነው።

ጓድ በላቸው አላሳፈረኝም። «ያንተ ሰርግ የቀበሌው ሰርግ ነው፤ ውሰደው» አለኝ። ጥሪው ተበተነ። በሬ ተገዛ፤ ለእስላም እንግዶቻችን ደግሞ ለብቻው የሚታረድ ሌላ ሰንጋ። የእስላሙን ድግስ አዴ ፋጡማ ያዙ፤ «ድስቱንም ጭልፋውንም ከኔ ቤት ነው የማመጣው፣ እንዳታስብ» አሉኝ። እኔም አላሰብኩም። ማሰብ የነበረብኝ ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ለካ ጓድ በላቸው የተማራቸውን ቃላት በቀበሌያችን ስብሰባ ብቻ አልነበረም የሚያወጣቸው። ወደ በላይ በላከው ሪፖርት ላይ «በቀበሌያችን የሰፊው ሕዝብ አመለካከት ዲሳይሲቭሊ፣ ኮንቪንሲንግሊ እና ኦቨርዌልሚንግሊ እየተለወጠ ነው» ብሎ አስገብቷል። ከበላይ ያሉትም እንደኛው ሰው ናቸው፤ አልገባቸውም፤ ስለዚህ ተደነቁ። እንዴት እንደሚለወጥ በዓይናችን እንይ ብለው ሰው ላኩ። የሚመጣው እሑድ ነው። የትኛው እሑድ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ነገሩን የሰማሁ ዕለት ሮጬ ጓድ በላቸው ዘንድ ሄድኩ። ያለኝን ቃል ሁሉ አወጣሁ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ቤተሰብ የአገር መሠረት ስለመሆኑ ተናግሬ፣ ስብሰባው በሳምንት ቢተላለፍ የሚገኘውን ጥቅም ፐርሱዌሲቭሊ ዘርዝሬ ላብ በላብ ሆንኩ። ጓድ በላቸው በጣም ተነካ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አየህ» አለኝ፣ «ይህንን ነው ማየት የሚፈልጉት። እሑድ ልክ እንዲህ አድርገህ ተናገርልን።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። በመጨረሻ የተስማማነው፣ ስብሰባው ማለዳ ተጀምሮ ከምሳ በፊት እንዲያልቅና ሰርገኛው ሲደርስ አዳራሹ ነፃ እንዲሆን ነው። ለአቶ ዘለቀ ግን አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው?

እሑድ ደረሰ። የሰርግ ልብሴን ለብሼ፣ ደረቴ ላይ አበባ ሰክቼ፣ ከሚዜዎቼ ጋር ሙሽራ መውሰድ ሲገባኝ ብቻዬን ስብሰባ ገባሁ። ሚዜዎቼ «አዳራሽ ይጠብቃታል» ብለው ሙሽራዋን ይዘው እንዲመጡ ተላኩ። የአገሩ ሥርዓት በዚህ ተጀምሮ ነው የፈረሰው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከበላይ የመጡት ሰው ካኪ የለበሱ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። ከጓሮ ደግሞ የወጡ ሽታ በመስኮት ይገባል።

ብልጥ ልሁን አልኩና ንግግሬን ባጭሩ ቀጨሁት። አንድም ተውሳከ ግሥ ሳላስገባ በተራ አማርኛ ተናግሬ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው አላጨበጨበም። ጓድ በላቸው ጎንበስ ብሎ «አሞሃል?» አለኝ። ከመሐል አንዱ ተነሣና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጓድ መምህር የዛሬውን እንዳለፈው አልተናገሩትም፤ ሕዝቡ ተጎድቷል» አለ። ሌላው ይህንኑ አጠናከረ። ምን ላድርግ? ተነሥቼ አንድ ዲሳይሲቭሊ ወረወርኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ነደደ። አንዱ ቃል ሌላውን ሳበው፤ ኮንቪንሲንግሊም መጣ። ከዚያ ጥያቄና መልስ ተከፈተ። እጅ ያወጣው ሰው ብዛት ጫካ ነው የሚመስለው።

ሦስተኛው ጠያቂ ላይ ሳለን ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ፔጆ ታክሲዎቹ አበባ አንጠልጥለው ደርሰዋል። ዘፈኑና እልልታው በሩን ሲመታው ሰማሁ፤ ልቤም አብሮ መታ። አብዮት ጥበቃው ግን ደንቡን ያውቃል፦ ስብሰባ ሳይዘጋ በር አይከፈትም። ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አወጣ፣ ወደ ውስጥ መለሰ፣ ቀጥ ብሎ ቆመና ተናገረ።

«ከውጭ አንድ አስተያየት መጥቷል። አቶ ዘለቀ የሚባሉ ሰው፣ አሁን ካልተከፈተ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ ይላሉ።»

«አስተያየቱ ይመዝገብ» አለ ጓድ በላቸው።

እጄን አወጣሁ። ሰርጌ መሆኑን፣ ሙሽራዬ በር ላይ መሆኗን፣ ስብሰባው እንዲዘጋ መለመኔን ተናገርኩ። ጓድ በላቸው አዘነልኝ፣ ግን አጀንዳ አጀንዳ ነው፤ «በልዩ ልዩ ሥር ይታያል» አለ። ወዲያው ልዩ ልዩ ተከፈተ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሰርጉ ከስብሰባው ዓላማ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠየቀ። ሁለተኛው ሰፊው ሕዝብ ከሰርግ ተነጥሎ ስለማይታይ ይያያዛል አለ። ሦስተኛው፣ ከጓሮ የሚመጣውን ሽታ ረዘም አድርጎ ከሳበ በኋላ፣ «ምሳው ተሰብሳቢውን ይመለከታል ወይ?» ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም እኔን ያዩኛል። «ይመለከታል» አልኩ። ምን ልበል? እስከዚያ ቀን በነበሩት ስብሰባዎች ሁሉ እንደዚያ ከልብ የተጨበጨበበት ነገር አልነበረም። ሆኖም በሩ አሁንም አልተከፈተም፤ ገና የተመዘገቡ ተናጋሪዎች አሉ።

ይህን ጊዜ፣ ድስታቸውን ለጎረቤት ሴቶች አደራ ብለው ስብሰባ የገቡት አዴ ፋጡማ ስፌታቸውን አጣጥፈው ከኋላ ተነሡ። በዝግታ ወደ በሩ ሄዱ።

«ልጄ፣ ክፈት» አሉት ጠባቂውን። «የዙሁር ሰላት ደርሷል። ውዱእ ላደርግ ነው።»

«አዴ፣ ስብሰባ አላለቀም እኮ።»

«ሰላቴን በስብሰባ አሳልፌ አላህ ፊት ምን እላለሁ? አንተ ትመልስልኛለህ?»

ጠባቂው አሰበበትና ለሳቸው የምትበቃ ያህል ከፈተ። እሳቸው ሲወጡ ጽጌ ገባች። ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሚዜዎቿን ደጅ ትታ፣ በወንበሮቹ መሐል ቀጥ ብላ መጣች። እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም፤ እንደዚያ ተቆጥታም አይቻት አላውቅም። ጓድ በላቸው ግራ ገባው። ሰው ከፊቱ ቆሟል፤ የቆመ ሰው ደግሞ ለርሱ ተናጋሪ ነው።

«ጓድ ሙሽሪት» አለ፣ «አስተያየት አለዎት?»

ሙሽራ በሰርጓ ቀን አንገቷን ደፍታ ዝም ነው የምትለው። ጽጌ ግን ቀና አለች።

«ብዙ አልናገርም» አለች። «አባቴ መኪናው ውስጥ ናቸው፤ ሞተሩ አልጠፋም። ይህ ሰው ስብሰባ የሚወድ ከሆነ እዚሁ ይንገረኝና ልመለስ። የማይወድ ከሆነም እዚሁ ይናገር።»

«ጓድ መምህር መልስ ይስጡበት» አለ ጓድ በላቸው።

ተነሣሁ። እናንተ ያንን ዘመን የማታውቁ ካላችሁ፣ ስብሰባ አልወድም ብሎ በስብሰባ የተናገረ ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም ነበር። ያውም ከበላይ የመጣ ሰው ፊት። ከቃላቶቼ አንዱን ፈለግሁ፤ ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ፣ አዎም አይደለምም የማይል አንድ ረጅም እንግሊዝኛ። አንዱም አልመጣም። ጽጌ ታየኛለች። ፈራሁ፤ ከካኪው ይልቅ ግን የመኪናውን ሞተር ፈራሁ።

«አልወድም» አልኩ። «ስብሰባ አልወድም። ወድጄም አላውቅም። የምወደው አንቺን ነው።»

ከጓሮ ድስት ሲንተከተክ ይሰማ ነበር። ጓድ በላቸው ቀለሙ ከፊቱ ጠፋ። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ካኪ ለባሹ ዞረ። እሳቸው ግድግዳውን ማየት አላቆሙም። ከዚያ፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው በቀሰስተኛ ድምፅ «እኔም አልወድም» አሉ።

ጓድ በላቸው ትንፋሹ ተመለሰ። አሁን የሚያውቀው መንገድ ላይ ደርሷል። ብድግ አለና ድምፁን ጠረገ።

«ሐሳቡ ቀርቧል፤ ከበላይም ተደግፏል። ስብሰባ እንደማንወድ የምትደግፉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

የልምድ ነገር ሆኖ እጅ ሁሉ ወጣ። ጠባቂው ጠመንጃውን በግራ ይዞ ቀኙን አወጣ። ጓድ በላቸው ራሱ አወጣ። አቶ ዘለቀ ልጃቸውን ሊመልሱ በበሩ ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ እጁን ያወጣበትን አዩና፣ ሳይጠይቁ እሳቸውም አወጡ። የሚቃወም አልነበረም፤ ድምፀ ተአቅቦም አልነበረም። ተጨበጨበ፤ ጭብጨባው እልልታ ሆነ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፤ ምሳ ቀረበ። ለመቶ ሰው የተሰናዳ ድግስ ቀበሌ ሙሉ ሕዝብ በላው። አዴ ፋጡማ ከሰላታቸው ተመልሰው ጭልፋውን ሲይዙ፣ ወጡ እንዴት እንደተዳረሰ እስካሁን አይገባኝም። አማቼም ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። አገባኋት።

በማግስቱ ጾም ገባ። በሳምንቱ እሑድ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ከበላይ የመጡት ሌላ ሰው ነበሩ፤ የፊተኛው የት ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። አጀንዳው አንድ ነው፦ ባለፈው እሑድ የተወሰነውን ውሳኔ መሻር። ጓድ በላቸው ወደኔ እንኳ አላየም፤ ምንም እንግሊዝኛ ሳያስገባ አነበበውና «የምትደግፉ» አለ።

ጽጌ አጠገቤ ነበረች። እኔ ገና እያመነታሁ ሳለሁ፣ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድማ እጇን ቀጥ አድርጋ አወጣች። ደንግጬ ዞርኩ።

«ቶሎ እንዲያልቅ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንተም አውጣ።»

አወጣሁ።